የሕዝብ የሥዕል ጋለሪ ለማኅበራዊና ለባህላዊ ዓላማ የሚሰጠው አገልግሎት

መንግሥታት ለትምህርት፣ ለጤናና ለመንገድ ከሚያስፈልገው ገንዘብ ከፍለው የሥዕል ጋለሪ የሚያቋቁሙት ለምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ በተለምዶ የሚሰጠው መልስ «ቅርስን ለመጠበቅ» የሚል ነው። መልሱ ትክክል ቢሆንም የተሟላ አይደለም። የሚፈለገው ጥበቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥዕሉን ቆልፎ ማስቀመጥ በበቃ ነበር። ጋለሪ ለማኅበራዊና ለባህላዊ ዓላማ የሚያገለግለው ሥዕሉ ሕዝብ ሊደርስበት በሚችል ቦታና ሁኔታ ሲቀርብ ነው። ለዚህም የለንደኑ ናሽናል ጋለሪ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ. አመሠራረቱ

በ1824 የብሪታንያ ፓርላማ የጆን ጁሊየስ አንገርስታይን የተባለውን ሟች ባለሀብት 38 ሥዕሎች በ57,000 ፓውንድ እንዲገዙ ፈቀደ። ሥዕሎቹ በመጀመሪያ በሟቹ መኖሪያ ቤት ለሕዝብ ታዩ። ቤቱ ስለጠበበም በ1838 በትራፋልጋር አደባባይ ወደ ተሠራው አዲስ ሕንፃ ተዛወሩ። ቦታው የተመረጠው በከተማዋ መካከል በመሆኑ ነው፤ ይኸውም በምዕራብ የሚኖረው ባለጸጋ በሠረገላ፣ በምሥራቅ የሚኖረው ድኻ በእግሩ እንዲደርስበት ነው።

ለ. በጥበቃና በአገልግሎት መካከል የተነሣው ክርክር

ይሁን እንጂ የከተማዋ የከሰል ጢስና የተመልካቹ ብዛት ሥዕሎቹን መጉዳት ጀመረ። ሳይንቲስቱ ማይክል ፋራዴይ ጭምር ጉዳዩን እንዲመረምሩ ከተሾሙት አንዱ ነበር። ስለሆነም ጋለሪው አየሩ ወደ ጠራበት ወደ ኬንሲንግተን ይዛወር የሚል ሐሳብ ቀረበ። በ1857 ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን ግን በትራፋልጋር አደባባይ እንዲቆይ ወሰነ። ለዚህ አቋም ዳኛው ኮልሪጅ ያቀረቡት ምክንያት፣ በጭሩ፣ የሥዕሎቹ በሕይወት መቆየት የመጨረሻው ግብ ሳይሆን ለሕዝቡ መንፈስን ከፍ የሚያደርግ ደስታ ለመስጠት የሚረዳ መንገድ ነው የሚል ነበር። በጥሩ አየር የተጠበቀ፣ ነገር ግን ሠራተኛው የማያየው ሥዕል የተገዛበትን ዓላማ እንደማይፈጽም ተረድተው ነበር ማለት ነው።

ሐ. በጦርነት ጊዜ

በ1939 ጦርነቱ ሲጀመር ሥዕሎቹ ወደ ዌልስ ተወሰዱ፤ በ1941ም ማኖድ በተባለው የድንጋይ ካባ ውስጥ ተከማቹ። ባዶ በቀረው ሕንፃ ማይራ ሄስ የተባለችው ፒያኖ ተጫዋች የምሳ ሰዓት የሙዚቃ ዝግጅት አቋቋመች። እስከ 1946 ድረስ 1,698 ዝግጅቶች ሲቀርቡ ከ800,000 የሚበልጥ አድማጭ ተገኝቷል። በ1942 ደግሞ ሕዝቡ ሥዕል ለማየት በመጠየቁ በየወሩ አንድ ታላቅ ሥዕል ከካባው እየወጣ ይታይ ጀመር። በአደጋ ጊዜ የሕዝብን መንፈስ ለማጽናት አንድ ሥዕል እንኳ እንደሚበቃ በዚህ ታወቀ።

መ. ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ትምህርት

ይኸው አንድ ሥዕል የማቅረብ ዘዴ ከ1995 ጀምሮ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተዘጋጀው ፕሮግራም ተግባራዊ ሆኗል። ጋለሪው አንድ ሥዕል ይመርጣል፤ መምህራንም በዚያው ሥዕል መነሻነት የተለያዩ ትምህርቶችን ያስተምራሉ።

ለምሳሌ በጋለሪው ውስጥ የኡቼሎ «ቅዱስ ጊዮርጊስና ዘንዶው» ይገኛል። በሥዕሉ ልጃገረዲቱ ዘንዶውን በመታጠቂያዋ አስራ ይዛ ትታያለች። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ግን ብሩታዊት ብዙውን ጊዜ ዛፍ ላይ ሆና ትታያለች። አንድ መምህር ሁለቱን አነጻጽሮ ስለ ታሪክና ስለ ትውፊት ማወያየት፣ ከኡቼሎም የርቀት አሣሣል ተነሥቶ ጂኦሜትሪ ማስተማር ይችላል።

ከዚህ በላይ ከተገለጸው ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ለፕላን አውጪዎች ነው፤ የሕንፃው ቦታ፣ የመግቢያው ዋጋና የሚከፈትበት ሰዓት ከሥዕሎቹ ብዛት ባላነሰ ሊታሰብባቸው ይገባል። ሁለተኛው ለመምህራን ነው፤ በአዲስ አበባ የሚገኘውን ብሔራዊ ሙዚየም ለማየት የማይችል የገጠር ተማሪ በአካባቢው ካለ አንድ የግድግዳ ሥዕል ወይም በክፍል ውስጥ ከተሰቀለ አንድ ቅጂ ብዙ ሊማር ይችላል። ይህም የሚሆነው ተማሪው ሥዕሉን አስተውሎ እንዲመለከት፣ ያየውንም እንዲናገር ጊዜ ሲሰጠው ነው።