ተጨማሪ መረጃ፦ እንጀራ መቼ ይፈተሻል?

በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ባሉ የሐበሻ ሱቆች እንጀራ ታሽጎ ይሸጣል። ጋጋሪው ድርጅት ሻጋታን ለመቁጠር ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ላከ እንበል። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ የሆነው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በሚጠቀምበት ዘዴ፣ ናሙናው በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 5 ቀን መቆየት አለበት። ያለ ማቀዝቀዣ የተቀመጠ እንጀራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ወይም ከ4 ቀን በላይ አይቆይም። ውጤቱ ሲመጣ እንጀራው ተበልቷል!

ስለዚህ የፍተሻው ዕቅድ ከምርቱ መርሐ ግብር ጋር መገጣጠም አለበት። ፈጣኑ ምርመራ የፒኤች ልኬት ነው። ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ሲሆን፣ ቁጥሩ ከ7 እያነሰ ሲሄድ አሲድነቱ ይጨምራል። በደቂቃ ስለሚታወቅ እያንዳንዱ ሊጥ ምጣድ ላይ ሳይወጣ ሊለካ ይችላል። በደንብ የቦካ ሊጥ ከ4.6 በታች ይወርዳል፤ ቦቱሊዝም የተባለውን አደገኛ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ በዚህ አሲድነት አያድግም። አዝጋሚው የሻጋታ ቆጠራ የሚጠቅመው የመጋገሪያ ቤቱን ንጽሕና ለመከታተል ነው። ለፋሲካ ምርት የሚጨምር ድርጅት ናሙናውን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ቢልክ፣ ጉድለት ቢገኝ እንኳ የሚያርምበት ጊዜ ይኖረዋል።

ሞክሩ፦ ቤት ውስጥ ሊጥ ሲቦካ ጠዋትና ማታ በፒኤች ወረቀት ለኩና ቁጥሮቹን በሠንጠረዥ መዝግቡ። በፍጥነት የወረደው በስንተኛው ቀን ነው?