እንግዳው ራሱ የሚቀምመው መጠጥ

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ ያፈርኩበት ግብዣ ነው። አንድ ጓደኛችን በተመረቀ ጊዜ እሑድ ረፋዱ ላይ አሥራ ሁለት ያህል ሰዎች ከቤተሰቡ ቤት ተጠራን፤ መጠጥ የማሰናዳቱም ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። እኔም ሻምፓኙን ከመደርደሪያው ላይ እንዳለ አንሥቼ ከፈትኩት። ቡሹ ጣራውን መታ፤ ከወይኑ ብዙው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ፤ በቀረው ላይ የማንጎ ጭማቂ ብጨምርበት አረፋው ገንፍሎ ጠረጴዛውን አጥለቀለቀው። ይህስ በሳቅ ታለፈ። በሳቅ ያልታለፈው ሌላው ነገር ነው። ከመካከላችን አንዲት ልጅ አልኮል አልጠጣም አለች። ሁላችን ቀጭን ብርጭቆ ይዘን ስንቆም እርስዋ የለስላሳ ጠርሙስ ታቅፋ ጥግ ቀረች። አንዱ «ምን ሆነሽ ነው?» አላት፤ ሌላው «በሞቴ፥ አንዲት ብቻ!» አላት፤ እኔም አስተናጋጅ ነኝና ሦስተኛ ሆኜ ለመንኳት። ምግቡ ሳይነሣ ተሰናብታ ሄደች። ምክንያቷን እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ የማወቅ መብትም አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ጠይቄም ሞክሬም ተምሬዋለሁ። መፍትሔው እንግዳው ራሱ እየቀዳ ራሱ የሚቀምምበት ገበታ ማሰናዳት ነው፤ ይኸውም ፍሬው በአንድ ወገን፥ ጋዝ ያለው መጠጥ በሌላው ወገን ሆኖ፥ ማንም ማንንም ሳይለምን ሁሉም የሚወደውን ይወስዳል ማለት ነው።

ልማዱ የመጣው ከውጭ ነው። ቁርስንና ምሳን አንድ አድርጎ ረፋድ ላይ መብላትን እንግሊዞች ብራንች ይሉታል፤ ቃሉን በጽሑፍ ያስተዋወቀው ጋይ ቤሪንጀር የተባለ ጸሐፊ በ1895 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ እሑድ አርፍደው ለሚነሡ ሰዎች የተከራከረ ሰው ነበር። ለተማሪ የሚስማማ ክርክር ነው! ፍሬን ከሚንጫጫ ወይን ጋር ከማዋሐድ ደግሞ ስሙ የገነነው ቤሊኒ የተባለው መጠጥ ነው። በቬኒስ ከተማ ሃሪስ ባር የተባለውን መጠጥ ቤት የከፈተው ጁዜፔ ቺፕሪያኒ ነጭ ኮክ አስፈጭቶ ከፕሮሴኮ ወይን ጋር አዋሐደውና ቀለሙ ስላማረው በሠዓሊው በጆቫኒ ቤሊኒ ስም ጠራው። ብርቱካን በሻምፓኝ ሲሆን ሚሞዛ ይባላል። እኛም አገር ቢሆን ወይን በአምቦ ውሃ ማቅጠን የታወቀ ነውና ነገሩ ያን ያህል እንግዳ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ዋናው ነገር ቅዝቃዜ ነው። የእኔ ምንጣፍ የረከሰው በቅዝቃዜ ጉድለት ነው። የሚንጫጫ መጠጥ ውስጥ ያለው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አንድ ሊትር ውሃ በተራ የአየር ግፊት በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1.7 ሊትር ያህል የዚህን ጋዝ ይዞ ሊቆይ ሲችል፥ በ20 ዲግሪ ግን የሚይዘው ከ0.9 ሊትር አይበልጥም። እንግዲህ የሞቀ ጠርሙስ ሲከፈት ጋዙ ማደሪያ ስለሚያጣ በአንድ ጊዜ ይወጣል። የሻምፓኝ ጠርሙስ ደግሞ በውስጡ ከ5 እስከ 6 እጥፍ የአየር ግፊት አለው፤ ይህም ከመኪና ጎማ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ያው ጋዝ እዚህ ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል፤ አረፋውም ይበዛል። ጠርሙሱን በበረዶ ብቻ መክበብ አይበቃም፤ በረዶና ውሃ እኩል የተሞላበት ሳፋ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ። ውሃው ጠርሙሱን ከዙሪያው ሁሉ ስለሚነካው ከደረቅ በረዶ ይልቅ ፈጥኖ ያቀዘቅዘዋል። ሲከፈትም ቡሹን በፎጣ ጨብጦ ማዞር የሚገባው ጠርሙሱን ነው፤ አፉም ከሰው ፊት ይራቅ። ተኩስ እያሰሙ መክፈት ለፊልም ጥሩ ነው፤ ለዓይን ግን አደገኛ ነው።

ሁለተኛው ነገር የአቀዳድ ቅደም ተከተል ነው። ጋዝ ከመጠጡ ለመውጣት የሚነሣበት ቦታ ይፈልጋል፤ የፎጣ ብናኝ፥ የማንጎ ጭረት፥ የበረዶ ሻካራ ገጽ ሁሉ መነሻ ይሆኑታል። ስለዚህ እንደ ብርቱካን ያለ ቀጭን ጭማቂ ሲሆን መጀመሪያ ወይኑ ወይም አምቦው ይቀዳና ጭማቂው ከላይ ቀስ ብሎ ይጨመርበታል፤ ክብደት ስላለው ራሱ ወርዶ ይዋሐዳል። እንደ ማንጎና እንደ ኮክ ያለ ወፍራም ከሆነ ግን ፍሬው አስቀድሞ ከታች ይገባል፤ ከዚያ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጎ መጠጡን በግድግዳው ላይ በቀስታ ማውረድ፥ ጥቂት አርፎ እንደገና መሙላት ነው። በረዶ ብርጭቆው ውስጥ አይግባ፤ ሁሉም ነገር አስቀድሞ ከቀዘቀዘ አያስፈልግም፤ መጠጡንም ያቀጥነዋል።

ስለ ፍሬዎቹ የግል አስተያየቴን ልስጥ። ማንጎ ንጉሥ ነው፤ ነገር ግን በወንፊት ካልተጠለለ ጭረቱ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ፓፓያ ለብቻው ዝም ያለ ፍሬ ነው፤ ሎሚ ሲጨመርበት ይናገራል። ዘይቱን ሽታው ቤቱን ስለሚሞላ በጣም እወደዋለሁ፤ ፍሬው ግን በሚገባ መጣራት አለበት። እንጆሪ ለቀለሙ ይፈለጋል። አቮካዶን ከዚህ ገበታ አርቁልኝ፤ ቦታው ስፕሪስ ውስጥ ነው፤ ቅባትና ጋዝ አይስማሙም። ለማጣፈጫ ስኳር አይቅረብ፤ እንክብሉ አረፋ ያስነሣል፤ በቀዝቃዛ መጠጥም ቶሎ አይሟሟም። በእሱ ፋንታ ማር በሞቀ ውሃ በጥብጦ፥ ወፈር እንዳለ ብርዝ፥ አቀዝቅዞ በትንሽ ጆግ ማቅረብ ይሻላል። አምቦ ውሃ ማዕድን የበዛበት ስለሆነ ሎሚ ሲነካው ድንገት ይገነፍላል፤ ይህን የማያውቅ እንግዳ ሸሚዙን ያበላሻልና ሎሚው በጠብታ ይሁን። ልጆች ካሉ ጥቂት ዘቢብ አምቦ ውስጥ ጣሉላቸው፤ ሲወጣና ሲወርድ እያዩ አንድ ሰዓት ዝም ይላሉ።

ልኩን በሚመለከት፥ ለአሥራ ሁለት ሰው በነፍስ ወከፍ ሦስት ብርጭቆ ቢታሰብ 36 ብርጭቆ ይሆናል። በእያንዳንዱ 75 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ሲገባ ወደ 3 ሊትር ጭማቂ ይበቃል፤ ከብርጭቆዎቹ ሁለት ሦስተኛው በወይን ይቀዳል ቢባል ሦስት ጠርሙስ ይበቃል። አምቦው ግን ትናንሽ ጠርሙስ ሆኖ በብዛት ይገዛ፤ ትልቁ ተከፍቶ ሲቆይ ይሞታል። በረዶው ከተፈላ ውሃ የተሠራ ይሁን።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደምጠነቀቅበት ደረስኩ። አምቦውና ወይኑ በአንድ ሳፋ ውስጥ ጎን ለጎን ይቁሙ፤ ብርጭቆውም ለሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን። ማንጎ በአምቦና ማንጎ በሻምፓኝ ከሁለት ክንድ ርቀት ሲታዩ አይለዩም፤ የያዘው ሰው ግን ያውቀዋል። ስለዚህ ጠርሙሶቹ ጽሑፋቸው እንዲነበብ ይዙሩ እንጂ በፎጣ አይጠቅለሉ፤ ከጆጎቹ አንዱ ውስጥ እንኳ «ለጣዕም» ተብሎ አልኮል ጠብ አይበል። በሃይማኖቱ ምክንያት የማይጠጣ፥ መድኃኒት የጀመረ፥ መኪና የሚነዳ፥ ወይም እንዲያው ያላሰኘው ሰው ያለ ሥጋት መቅዳት መቻል አለበት። የሚጠጣውም ቢሆን ልኩን ያያል፤ 12 በመቶ አልኮል ያለው ወይን 75 ሚሊ ሊትር ሲቀዳ 9 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለበት፤ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም 27 ነው። ዳቦው፥ እንቁላሉና ፍርፍሩም ከመጠጡ ቀድሞ ይቅረብ፤ የእሑድ ረፋድ ሆድ ባዶ ነው።

አስተናጋጁስ ምን ይሠራል? ከገበታው አጠገብ አይቆምም፤ ይህ ለእኔ ከባዱ ክፍል ነበር። እጄ ጠርሙስ ለማንሣት፥ አፌም «በሞቴ» ለማለት ይበላኛል። ባለፈው ጊዜ እነዚያኑ ጓደኞች በጠራሁ ጊዜ ራሴን ወጥ ቤት ውስጥ ሥራ ሰጥቼ ቆየሁ። ያቺ ልጅም መጥታ ነበር። ብቅ ስል ዘይቱንና ሎሚ ቀላቅላ ለሁለት ሰዎች የራሷን ቅመም ስታስተምር አገኘኋት፤ ብርጭቆዋ ውስጥ ምን እንዳለ አልጠየቅሁም። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የሄደችው።

የተረፈውን ወይን በተመለከተ አንዳንዶች በጠርሙሱ አፍ ማንኪያ ቢሰቀል ጋዙ አይወጣም ይላሉ፤ ሐሰት ነው። አጥብቆ ከድኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆም፥ በማግሥቱም መጨረስ ነው። የተረፈውን ጭማቂ ደግሞ በበረዶ መሥሪያው ውስጥ አድርጋችሁ አቀዝቅዙት።