ጥቆማና ምክር፦ ታማሚ ለታማሚ ምን ሊነግረው ይችላል?

(በባሕር ዳር ለዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብና ለእንግዶች ከቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ የተገለበጠ)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በመማሪያ መጻሕፍት ብዙ ስፍራ የተሰጠው አይደለም፤ በየቤታችን ግን በየዕለቱ ይፈጸማል። ሰው ሲታመም አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሐኪምን አይደለም። «እንዲህ ዓይነት ሕመም የነበረበት ሰው ታውቃላችሁ? የት ታክሞ ዳነ?» እያለ ዘመድ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ጥያቄው በቡና ላይ፣ በዕድር፣ በጽዋ ማኅበር፣ በጠበል ቦታ ይነሣል። ዛሬ ደግሞ አንድ ዓይነት ሕመም ያላቸው ሰዎች በስልካቸው ተሰባስበው በቴሌግራም ይጠያየቃሉ። የሚገኘው መልስ ሁለት ነገሮች የተቀላቀሉበት ነው። «ወደዚያ ሂድ» የሚለው ጥቆማ ነው፤ «ይህን ውሰድ፣ ያንን ተው» የሚለው ምክር ነው። የገለጻዬ ፍሬ ሐሳብ እነዚህን ሁለቱን ለይተን ማየት አለብን የሚል ነው። ከታማሚ የሚመጣ ጥቆማ ብዙ ሰው አድኗል። ከታማሚ የሚመጣ ምክር ግን እንደ ሕመሙ ጠባይ ሊያድንም ሊጎዳም ይችላል።

ሰው ለምን ታማሚን ይጠይቃል?

የአገራችን የጤና አገልግሎት በሦስት እርከን የተዋቀረ ነው። በገጠር ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ አንድ ጤና ኬላ፣ ከ15,000 እስከ 25,000 ለሚሆን ሕዝብ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚሆነው ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል እንዲኖር ታስቧል። ከዚያ በላይ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ በመጨረሻም ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ የሚያገለግል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ታማሚው ከታችኛው እርከን ተነሥቶ ሪፈር እያስጻፈ ወደ ላይ እንዲወጣ ይጠበቃል።

ይህ በወረቀት ላይ ግልጽ ነው። ነገር ግን ከዘጌ በጀልባ ወይም ከደራ ገጠር በአውቶቡስ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ ሰው ማወቅ የሚፈልገው ሌላ ነው። ፈለገ ሕይወት ልሂድ ወይስ ጥበበ ግዮን? ስፔሻሊስቱ ታማሚ የሚያየው በየትኛው ቀን ነው? ካርድ ለማውጣት በስንት ሰዓት መሰለፍ ያስፈልጋል? ለምርመራው ስንት ብር ልያዝ? ቀጠሮው ቢራዘም የት አድራለሁ? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ የመማሪያ መጽሐፍ የለም፤ ብዙ ጊዜ ሐኪሙም አያውቃቸውም። የሚያውቀው ባለፈው ወር በዚያው በር የገባው ታማሚ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ግጭት ተፈጥሮ መንገዶች ሲዘጉና የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ይህ ዕውቀት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በግልጽ ታይቷል። የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ፣ መድኃኒት የት እንደሚገኝ የሚነግረው መረጃ ሲጠፋ የጎደለው ወሬ ብቻ አይደለም፤ ለብዙዎች ሕክምናው ራሱ ነው።

የፊስቱላ ታሪክ፦ ጥቆማ ሲያድን

የጥቆማን ዋጋ ለማየት ከዚህ ከተማ መውጣት አያስፈልገንም። ዶክተር ካተሪንና ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ከአዲስ አበባ ውጭ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ የተከፈተው እዚህ ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ2005 ነው።

ፊስቱላ ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሚደርስ ጉዳት ነው። የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ሥጋ ከአጥንት ጋር አጣብቆ ሲይዘው ደም መዘዋወር ያቆማል፤ ሥጋውም ይሞትና ይቀደዳል። ከዚያ በኋላ ሽንት ያለማቋረጥ ይፈሳል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት አይወለድም። እናቲቱ የሕመሟን ስም አታውቅም፤ ከእርሷ በቀር በዓለም ላይ እንዲህ የሆነች ሴት ያለች አይመስላትም። ከሰው ትርቃለች፤ ትደበቃለች። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

እንዲህ ወደ ተደበቀች ሴት የሚደርሰው ብዙ ጊዜ የግድግዳ ማስታወቂያ ሳይሆን ታክማ የዳነች ሌላ ሴት ናት። «እኔም እንዳንቺ ነበርኩ፤ ይታከማል፤ ገንዘብም አይጠይቁሽም» የሚለው ቃል ከነጭ ጋዋን አንደበት ሲወጣና ከዳነች ሴት አንደበት ሲወጣ እኩል አይሰማም። የዳነችው ሴት ማስረጃዋ ራሷ ናት፤ ደርቆ የዋለ ቀሚሷ ነው። በታማሚነት ወደዚያ ሆስፒታል ገብተው፣ የቀለም ትምህርት ሳይኖራቸው ከሐኪሞቹ ሥር ሆነው ቀዶ ሕክምናውን የተማሩትና ሌሎችን ያከሙት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ታማሚ እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል ያሳዩ ናቸው።

ልብ በሉ፦ የዳነችው ሴት ያመለከተችው በሩን ነው። ከበሩ ወዲያ ያለው የምርመራ ሥራ ነው። ሽንት የሚያመልጣት ሴት ሁሉ ፊስቱላ የለባትም፤ ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል። ፊስቱላ ከሆነም ትንሽና ገና የሆነ ቀዳዳ በካቴተር ብቻ ሊድን ይችላል፤ ሌላው ቀዶ ሕክምና ይሻል። ይህን የሚለየው የሠለጠነ ዓይንና እጅ ነው። ጥቆማዋ ትክክል የሚሆነው ምርመራውን ለባለሙያ ስለተወችው ነው።

ምክርም የሚያድንበት ጊዜ አለ

እንግዲህ ታማሚ ጥቆማ እንጂ ምክር አይስጥ ማለት ነው? አይደለም። በጎጃም ደጋ የምናውቀውን የእግር ዝሆኔ እንመልከት። እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ኧርነስት ፕራይስ በአገራችን ባደረጉት ምርምር ይህ ዓይነቱ ሕመም በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ የተለየ መሆኑን፣ በእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳዩ። ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሕክምናው እግርን በየዕለቱ በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ ፀረ ተሕዋስያን መዘፍዘፊያ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ይህ ቀላል እንክብካቤ እግሩ ድንገት እየተቆጣ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥለውን ሕመም እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

እዚህ ላይ ታማሚ ለታማሚ ሙሉ አስተማሪ ሊሆን ይችላል። በወላይታ ለዚህ ሕመም የተቋቋመው ማኅበር ታክመው የተሻላቸውን ሰዎች አሠልጥኖ ሌሎችን እንዲንከባከቡ ያሰማራው ያለ ምክንያት አይደለም። ምክሩ ለሁሉም አንድ ነው፤ ቢሳሳትም ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ውጤቱም በዓይን ይታያል።

የኤች አይ ቪ ታሪካችንም ይህንኑ ይመሰክራል። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በኢትዮጵያ የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። በዚያ መካከል፣ በ1990ዎቹ ማብቂያ፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች እንደ መቅድምና ተስፋ ጎህ ያሉ ማኅበራትን አቁመው ፊታቸውን ገልጠው አስተማሩ። በኋላም የጤና ተቋማት ከእነርሱ መካከል ሰው እየቀጠሩ መድኃኒት ያቋረጠውን እንዲፈልጉ፣ የፈራውን እንዲያጽናኑ አደረጉ። «ሰዓቱን አታሳልፍ፤ ለአንድ ሰው ንገር፤ ብቻህን አትሸከመው» የሚለውን ምክር ከእነርሱ የተሻለ የሚሰጥ አልነበረም።

ምክር የሚሰናከልባቸው አራት ስፍራዎች

ምክር ግን የሚሰናከልበት ስፍራ አለ። እኔ አራቱን ለይቼ አያለሁ።

አንደኛው የሰውነት ልዩነት ነው። በጣና ዳርቻ ልጆቻችን ሐይቁ ውስጥ ይዋኛሉ፤ ቢልሃርዚያም ይይዛቸዋል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። መጠኑ በክብደት ይሰላል፤ በተለመደው ስሌት ለአንድ ኪሎ 40 ሚሊግራም ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ዓሣ አጥማጅ 2,400 ሚሊግራም ይወስዳል፤ 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 800 ብቻ ነው። «እኔን ያዳነኝ ይህ ነው» ብሎ የራሱን መጠን ለጎረቤት ልጅ የሚመክር አባት ሦስት እጥፍ መከረ ማለት ነው። ከዚህም በላይ ሆድ ቁርጠትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ በአሜባም ይመጣል፤ ለዚያ ደግሞ ፕራዚኳንቴል አይረዳም።

ሁለተኛው የጊዜ ልዩነት ነው። ዕውቀት ያረጃል። ኤፋቪሬንዝ ይወስዱ የነበሩ ሰዎች «ማታ ስትተኛ ውሰደው፤ ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር አይሁን» ብለው ይመክሩ ነበር፤ ለዚያ መድኃኒት ትክክል ነበር። ዛሬ ብዙዎች ወደ ዶሉቴግራቪር ተዛውረዋል። ይህ በማንኛውም ሰዓት ይወሰዳል፤ ጥንቃቄ የሚሻው በጨጓራ አሲድ ማስታገሻ፣ በብረትና በካልሲየም ክኒን ላይ ነው፤ እነዚህ አብረው ሲወሰዱ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ሊያግዱት ይችላሉ። ልምድ ያለው ሰው በቅንነት የሰጠው ምክር ማስጠንቀቅ ያለበትን ትቶ በማያስፈልገው ሊያስጨንቅ ይችላል።

ሦስተኛው የምስክሮች ጉድለት ነው። ቆሞ የሚመሰክር የተረፈ ሰው ብቻ ነው። መድኃኒቱን ትቶ ዳንኩ የሚል አንድ ሰው ይሰማል፤ መድኃኒቱን ትተው የሞቱት አይናገሩም። እንዲሁም በራሱ የሚመላለስ ሕመም አለ። የዝሆኔ እግር ድንገት ተቆጥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ጊዜ በራሱ ይበርዳል፤ በዚያ መካከል የተቀባ ቅጠል ወይም የተዋጠ ክኒን ምስጋናውን ይወስዳል። ሰውየው አልዋሸም፤ ያየውን ተናገረ። ግን ያየው ቅደም ተከተልን እንጂ ምክንያትን አይደለም።

አራተኛው ጥቅም ነው። ጥቆማ ወደ ድለላ ሊለወጥ ይችላል። ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወይም ወደ ውጭ አገር ሆስፒታል ሰው የሚልክ፣ ለላከውም ክፍያ የሚቀበል ሰው ራሱን ታማሚ አድርጎ ሊያቀርብ ይችላል። በስልክ የሚነጋገሩ ሰዎች አይተያዩም፤ ደርቆ የዋለው ቀሚስ እዚያ የለም። ከብቱን ሸጦ ለሚታከም ገበሬ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

እንዴት እንጠይቅ?

ከእነዚህ አራት መሰናክሎች አራት ጥያቄዎች ይወጣሉ። ምክር ስትሰሙ ጠይቁ። ሕመሙ በምን ምርመራ ታወቀ፣ የእኔስ በዚያው ታውቋል? መቼ ታከመ? በዚያው መንገድ ሄደው ያልዳኑ አሉ? የሚነግረኝ ሰው ከመሄዴ ምን ያተርፋል? እነዚህን ያለፈ ጥቆማ ከሆነ ተከተሉት። ምክር ከሆነ ግን አንድ ተጨማሪ መመዘኛ አለ፤ ቢሳሳት ሊመለስ ይችላልን? እግር መታጠብ ቢሳሳት ሳሙና ባከነ። መድኃኒት ማቋረጥ ቢሳሳት ሰው ያልፋል። ስለዚህ መድኃኒት መጀመር፣ ማቆምና መጠኑን መለወጥ ከታማሚ ለታማሚ የሚነገር ነገር አይደለም።

ሁለት ማሳሰቢያዎች ልጨምር። ጥሩ ጥቆማ ያገኘ ሰውም ሪፈሩን አስጽፎ ይሂድ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል እርከኑን ዘሎ ቢሄድ የመድኑን ጥቅም ሊያጣና ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ሁለተኛ፣ የምርመራ ውጤታችሁን ከነስማችሁ ለማታውቁት ሰው አትላኩ። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ወሬ በጣና ላይ ከታንኳ ይልቅ ይፈጥናል። ምጥ ሲራዘም፣ ደም አልቆም ሲል፣ ሰው ራሱን ሲስት ደግሞ የመጠያየቂያ ጊዜ የለም፤ የሚያስፈልገው ቅርብ ያለው ጤና ተቋም ነው።

በመጨረሻ ነገ ነጭ ጋዋን ለምትለብሱ ተማሪዎቼ የምለው አለ። ታማሚ «እንዲህ ያለ ሰው እንዲህ ብሎኝ ነበር» ሲላችሁ አትገሥጹት። የተገሠጸ ሰው ወሬ መስማቱን አይተውም፤ ለእናንተ መንገሩን ይተዋል። ጠበልና መድኃኒት ተፎካካሪ መስለው በነበሩበት ጊዜ ብዙ ሰው መድኃኒቱን ደብቆ አቁሟል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ማስተማራቸው የጠቀመው ሰው ሁለቱን ሳይፈራ እንዲናገር በር ስለከፈተ ጭምር ነው። እናንተም «ምን አሉህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ትክክለኛውን አጽኑለት፤ የተሳሳተውን ከነምክንያቱ አስረዱት። ሲድንም «አንተን የመሰለ ሰው ቢገጥምህ ምን ትለዋለህ?» በሉት። የሚሰጣችሁን መልስ አርሙለት፤ ምክንያቱም ያንን መልስ ይዞ ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ እናንተ የማትደርሱበት ቤትም በእርሱ በኩል ይሰማችኋል።