«የማይሰላ»፣ «አዳጋች»፣ «ምሉዕ»፦ ስለ ስሌት ወሰን ስያሜዎች

የስልተ ቀመር ጥናትን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ በቀላሉ ሊወድቅበት የሚችለው ስሕተት፣ ሁለት የተለያዩ ፅንሰ ሐሳቦችን «የማይቻል» በሚለው አንድ ቃል መጠቅለል ነው። ጉዳቱ ገና መልስ ያላገኘን ጥያቄ መልስ እንዳገኘ አድርጎ ማቅረቡ ነው። ስለዚህ ፅንሰ ሐሳቦቹን ለይተን፣ ይስማማሉ የምንላቸውን ስያሜዎች ከዚህ በታች እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ፅንሰ ሐሳብ «የማይሰላ» ይባል። አለን ቱሪንግ በ1936 እ.ኤ.አ. እንዳረጋገጠው፣ አንዳንድ ጥያቄዎችን ለመፍታት የሚችል ስልተ ቀመር ከቶ ሊኖር አይችልም። የመኪናው ፍጥነት ቢጨምርም ይህ አይለወጥም።

ሁለተኛው ከዚህ ይለያል። ከ60 ዕቃዎች መካከል ክብደታቸው ሲደመር ልክ አንድ ኩንታል የሚሆኑትን ምረጡ ብንባል፣ መልሱ ሊሰላ ይችላል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ዕቃ ወይ ይገባል ወይ ይቀራል፤ ስለዚህ አማራጮቹ 2 በራሱ 60 ጊዜ የተባዛውን ያህል ናቸው። በሴኮንድ አንድ ቢሊዮን አማራጭ የሚመረምር ኮምፒዩተር ሁሉንም ለመጨረስ ከ36 ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ ዕቃዎቹ 70 ቢሆኑ ከ37,000 ዓመት በላይ። ከዚህ የተሻሉ ዘዴዎች ቢኖሩም፣ ለማንኛውም ግብአት «ቀልጣፋ» የሚባል ስልተ ቀመር ግን አልተገኘም። «ቀልጣፋ» ስንል ጃክ ኤድመንድስ በ1965 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን መስፈርት ተከትለን፣ የእርምጃዎቹ ብዛት ከግብአቱ መጠን ጋር በፖሊኖሚያል ልክ የሚያድገውን ማለታችን ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ «አዳጋች» ብንለው ይሻላል።

አንድ ሰው የተመረጡትን ዕቃዎች ቢያቀርብልን ግን ደምሮ ማረጋገጥ ቀላል ነው። መልሳቸው በፖሊኖሚያል ጊዜ የሚረጋገጥ ጥያቄዎች ክፍል «ኤንፒ» ይባላል። እዚህ ላይ ተርጓሚው ይጠንቀቅ፤ «ኤን» የሚለው ፊደል «ያልሆነ» ማለት አይደለም። በየእርምጃው የሚወሰደው ምርጫ አስቀድሞ ያልተወሰነ መሆኑን ያመለክታል። «ፖሊኖሚያል ያልሆነ» ብሎ የተረጐመ ሰው፣ የክሌይ የሒሳብ ተቋም በ2000 እ.ኤ.አ. የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ያቆመለትንና እስካሁን ያልተፈታውን ጥያቄ በአንድ ቅጽል ፈታው ማለት ነው።

ከኤንፒ ጥያቄዎች ውስጥ ሌሎቹ ሁሉ ወደ እነርሱ ሊለወጡ የሚችሉ አሉ። ይህን እስቲቨን ኩክ በ1971፣ ሊዮኒድ ሌቪን ደግሞ ከእርሱ ተለይቶ በ1973 እ.ኤ.አ. አሳዩ። በመካከሉ፣ በ1972፣ ሪቻርድ ካርፕ 21 እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን ዘረዘረ፤ የዕቃ ምርጫውም ከእነርሱ አንዱ ነው። ከእነዚህ ለአንዱ ቀልጣፋ መፍትሔ ቢገኝ ለሁሉም ተገኘ ማለት ነው።

ስያሜው በባለቤቶቹም ዘንድ አከራክሮ ነበር። ዶናልድ ክኑዝ «ሄርኩለሳዊ»፣ «አስፈሪ»፣ «አድካሚ» የሚሉትን ዕጩዎች አቅርቦ የባልደረቦቹን ድምፅ ጠየቀ፤ ውጤቱንም በ1974 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ከሦስቱ አንዱም አልጸደቀም፤ የጸናው «ምሉዕ» የሚል ፍች ያለው ቃል ሆነ። እኛም «ኤንፒ-ምሉዕ» እንዲባል እንመክራለን። ቃሉ የሚገልጸው ጥያቄው የክፍሉን ክብደት በሙሉ መሸከሙን እንጂ መፍትሔ አልባ መሆኑን አይደለም።

እንግዲህ «ይህ ጥያቄ ሊፈታ አይችልም» ከማለት ይልቅ «ለዚህ ጥያቄ ቀልጣፋ ስልተ ቀመር አልታወቀም» ማለት ይገባል። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው ግን እውነቱን ይናገራል፤ ለተመራማሪውም በሩን ክፍት ይተውለታል።