ካሳው ለማን ደረሰ?

ከቡልጋሪያ ማዞሪያ እስከ ካዛንቺስ ቡና ላይ የሂሮሺማ ነገር ሲነሣ፣ «ለእነሱ መንግሥታቸው ወዲያው ደረሰላቸው፤ ለእኛም ጣሊያን ካሳ ከፍሏል» የሚል አይጠፋም። የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ዋናውን ነገር ይሸፍናል።

የአቶም ቦምብ ሂሮሺማ ላይ የወደቀው በሐምሌ መጨረሻ፣ ናጋሳኪ ላይ ደግሞ በነሐሴ መጀመሪያ 1937 ዓ.ም ነው። የተጎጂዎች የሕክምና ሕግ የወጣው በ1949 ነው። ለዓመታት የአሜሪካ የጦር አስተዳደር ስለ ጉዳቱ እንዳይጻፍ ይከለክል ነበር። ተጎጂዎቹ በ1948 ኒሆን ሂዳንክዮ የተባለውን ማኅበር ራሳቸው መሠርተው ጮኹ፤ ከዚያ በኋላ ነው ለሕክምና የሚያገለግል የተጎጂነት ደብተር የተሰጣቸው።

ማርሴል ጁኖ የተባለው የቀይ መስቀል ሐኪም በጳጉሜ 1937 ወደ 15 ቶን የሚጠጋ መድኃኒት ይዞ ሂሮሺማ ገብቷል። ይኸው ሰው በ1928 ቆረም ላይ ኢጣሊያ በረጨችው መርዝ ጋዝ ሥጋቸው የተላጠ ኢትዮጵያውያንን አይቷል።

«ጋዙ የተረጨው ማይጨው ላይ ብቻ ነው» የሚለውም ልክ አይደለም። በታኅሣሥ 1928 በራስ እምሩ ጦር ላይ ተከዜ አካባቢ ከአውሮፕላን ወርዷል። በሚያዝያ 1931 ደግሞ፣ ወረራው ተጠናቀቀ ከተባለ ከ3 ዓመት በኋላ፣ ሰሜን ሸዋ ዘረት አካባቢ ዋሻ ውስጥ በተጠለሉ አርበኞች፣ ቁስለኞች፣ ሴቶችና ሕፃናት ላይ ተለቅቋል። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ መታወቅ አለበት። ይፐሪት የተባለው የመርዝ ጋዝ እንደ ጥይት ወዲያው አይጥልም። ከሰዓታት በኋላ ቆዳን ያቆስላል፣ ዓይንን ያሳውራል፣ ሳንባን ያበላሻል። የዳነው ሰው ታሞ ይኖራል ማለት ነው፤ ሐኪምም ጡረታም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ካሳውስ? በ1939 የፓሪስ ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተወሰነ። ኋላ በተደረገው ስምምነት በካሳው ገንዘብ የቆቃ ግድብ ተሠራ። ቆቃ መብራት ሰጥቶናል፤ አልክድም። ነገር ግን ክፍያው ከመንግሥት ለመንግሥት ነበር፤ ጋዝ ላቆሰለው ገበሬ በስሙ የደረሰው ነገር አልነበረም። የኢጣሊያ የጦር አዛዦች የነበሩት ባዶሊዮም ግራዚያኒም ኢትዮጵያ ላይ ለፈጸሙት ፍርድ ቤት አልቆሙም።

የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስትር ጋዙ መጣሉን በይፋ ያመኑት በ1988 ነው። በ20 ዓመቱ ተከዜ ላይ የተቃጠለ ሰው፣ በሕይወት ከነበረ፣ ያን ጊዜ 80 ዓመት ሞልቶት ነበር።