ከባትሪ ድንጋይ እስከ ትራንሲቨር፦ የሬዲዮና የፓወር ሰፕላይ ጥገና ከዋግ ኽምራ ሲታይ

በዋግ ኽምራ ካለችው ሰቆጣ እስከ ባሕር ዳር በአየር መስመር 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ 400። በእጅ የሚያዝ የቪኤችኤፍ ሬዲዮ ይህን ርቀት አይችለውም። ርቀቱ ይቅርና ከዋግ ተራሮች አንዱ ሸንተረር በመካከል ከገባ ማዶና ማዶ የቆሙ ሁለት ሰዎች እንኳ ላይደማመጡ ይችላሉ። አጭር ሞገድ ግን ተራራ አያግደውም። 20 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሽቦ ከመሬት አምስት ስድስት ሜትር ከፍ ብሎ ተዘርግቶ በ7 ሜጋኸርዝ ሲሠራ፣ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከላይኛው የከባቢ አየር ንብርብር ተመልሶ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ይረግፋል። ገደል፣ ሸለቆ፣ አምባ ብሎ አይመርጥም። ለዋግ መልክዓ ምድር ከዚህ የተሻለ ርካሽ መገናኛ የለም።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት ዋግ ኽምራ መብራትም ስልክም ባንክም ተቋርጦበት ብዙ ጊዜ ቆይቷል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የተከዜ ግድብ ውኃው የዞኑን ቆላ እየነካ ሳለ ሕዝቡ በጨለማ ከረመ። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ የሚሠራ ሬዲዮ የሚያወጣው ዋጋ በብር አይተመንም። ዋናው ጥያቄ ሬዲዮው መኖሩ ሳይሆን መሥራቱ ነው። ሬዲዮ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በራሱ በሽታ ሳይሆን በሚመግበው ኃይል በሽታ ነው። ስለዚህ ይህ ዳሰሳ ለፓወር ሰፕላይ ሰፊውን ቦታ ይሰጣል።

አስቀድሞ ግን ታሪኩን ባጭሩ፦ በአገራችን ሬዲዮ ሦስት ዓይነት ሕይወት ኖሯል። አንደኛው የአድማጩ መቀበያ ነው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ሥርጭት በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ከአቃቂ ተጀመረ። በ1955 ዓ.ም. ብሥራተ ወንጌል ኃይለኛ የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎቹን ይዞ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ በ1969 ዓ.ም. በደርግ ተወረሰ። በ1957 ዓ.ም. የጀርመን ድምፅ አማርኛ ክፍል፣ በ1970ዎቹ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ክፍል ተከተሉ። ገጠሬው እነዚህን ሁሉ ያደመጠው በድንጋይ በሚሠራ ሬዲዮ ነው፤ የሬዲዮ ጠጋኝ የሚባለውን ሙያም በየገበያው የተከለው ይኸው ሬዲዮ ነው። ሁለተኛው የመሥሪያ ቤት መገናኛ ነው፤ ስልክ ባልደረሰበት ዘመን የመንግሥት አስተዳደርና የእርዳታ ድርጅቶች በአጭር ሞገድ ይነጋገሩ ነበር። ሦስተኛው የአማተር ሬዲዮ ነው፤ ለትርፍ ሳይሆን ለመማር፣ ለሙከራና ለችግር ጊዜ ግንኙነት በግለሰብ ወይም በክበብ የሚያዝ ጣቢያ።

የአማተሩ ታሪክ በኢትዮጵያ ቀጭን ቢሆንም አልተበጠሰም። በዓለም አቀፍ ስምምነት ለአገራችን የተሰጠው የጥሪ ምልክት በ«ኢቲ» ይጀምራል። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ አምስት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ ነው። ከዓለም ዙሪያ አማተሮች ኢትዮጵያን ለማግኘት የሚሻሙት ከአገሪቱ የሚወጣው ድምፅ ጥቂት በመሆኑ ነው። እንቅስቃሴው ከአዲስ አበባ ብዙ ርቆ አለመውጣቱ ያሳዝነኛል፤ የሚያስፈልገው ከሁሉ በላይ እንደ ዋግ ላለ ቦታ ነውና። ማሰራጫ ለመያዝ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ከተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት ግድ ነው። ጥገና ግን አየር ላይ ሳይወጡ፣ ጉልበቱን ወደ ሙቀት በሚለውጥ የ50 ኦም ማስመሰያ ጭነት ላይ ሊሠራ ይችላል።

ወደ ጠረጴዛው እንምጣ። የአማተር ትራንሲቨር፣ ማለትም መቀበያና ማሰራጫን በአንድ የያዘው ሬዲዮ፣ አብዛኛው በ13.8 ቮልት ይሠራል፤ አምራቾቹ በተለምዶ 15 በመቶ ዝቅና ከፍ ይፈቅዳሉ፤ ማለትም ከ11.7 እስከ 15.9 ቮልት። ይህን ቁጥር ያላወቀ ጠጋኝ ጤነኛ ሬዲዮ ፈትቶ ያበላሻል። ሬዲዮው ሲቀበል ደኅና ሆኖ መናገሪያው ሲጫን ድርግም የሚል ከሆነ፣ ክዳኑን ከመክፈት በፊት መናገሪያው እንደተጫነ ሬዲዮው ጀርባ ላይ ቮልቱን መለካት ያስፈልጋል። መቶ ዋት የሚያሰራጭ ሬዲዮ 20 አምፒር ያህል ይስባል። ባትሪው አምስት ሜትር ርቆ በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ቢያያዝ፣ የሽቦው ደርሶ መልስ 10 ሜትር 0.07 ኦም ገደማ ነው፤ በ20 አምፒር 1.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። 12.4 ቮልት የነበረው ባትሪ ሬዲዮው ዘንድ 11 ሆኖ ይደርሳል። ሬዲዮው አልታመመም፤ ተርቧል። መድኃኒቱ ሽቦውን ማሳጠርና ማወፈር፣ የላላውንና የዛገውን ማያያዣ መጠገን ነው።

በሶላር ለሚኖር ሰው ይህ የዕለት ጉዳይ ነው። ጭነት ሳይኖርበት 12.7 ቮልት የሚያሳይ የእርሳስ ባትሪ ሙሉ ነው፤ 12 ላይ ከደረሰ አብዛኛው አቅሙ አልቋል፤ በዚያ ሁኔታ ለሳምንታት ከተተወ ሳህኖቹ ላይ የሚጋገረው ሰልፌት በቀላሉ አይመለስም። እንዲህ የታመመ ባትሪ ጭነት ሳይኖርበት ደኅና ሊመስል ስለሚችል ክፍት ቮልት ብቻ መለካት ያታልላል። የመኪና የፊት መብራት አምፖል፣ 55 ዋት የሆነው፣ በ12 ቮልት ከአራት አምፒር ተኩል በላይ ይስባል፤ አራቱን አንድ ላይ በትይዩ ማያያዝ የትራንሲቨሩን ያህል ጭነት ይሰጣል። መካኒክ ባለበት ሁሉ ይህ አምፖል ስለሚገኝ በሰቆጣም ውድ መሣሪያ መጠበቅ አያሻም። ባትሪውም ሆነ ፓወር ሰፕላዩ የሚፈተነው በእነዚህ አምፖሎች ነው። ሌላም ነገር አለ፦ ርካሽ የሶላር ቻርጅ ኮንትሮለር ራሱ ጫጫታ ያሰራጫል። ቀን ቀን አጭር ሞገድ ሲያጉረመርም ውሎ ፀሐይ ስትጠልቅ ዝም ካለ ጥፋቱ የሬዲዮው አይደለም።

ፓወር ሰፕላይ ሁለት ዓይነት ነው። የድሮው ከባዱ በትልቅ ትራንስፎርመር 220ውን ቮልት ያወርዳል፣ በዳዮዶች ያስተካክላል፣ በትልልቅ ካፓሲተሮች ያረጋጋል፣ በመጨረሻም እንደ 2ኤን3055 ባሉ ትራንዚስተሮች 13.8 ላይ ይገታል። ይህን ዓይነት እወደዋለሁ፤ ጥፋቱን ራሱ ይናገራልና። ድምፁ ላይ 100 ኸርዝ ጉምጉምታ ከተሰማ የማረጋጊያው ካፓሲተር ደርቋል፤ ጉምጉምታው ወፍሮ 50 ኸርዝ ከሆነ ከአራቱ ዳዮዶች አንዱ ተከፍቷል። አደገኛው ጥፋት የመግቻ ትራንዚስተሩ ሾርት ማድረጉ ነው፤ ያን ጊዜ ከ20 ቮልት በላይ ያለው ያልተገታ ኃይል ቀጥ ብሎ ሬዲዮው ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው ከጥገና የወጣ ፓወር ሰፕላይ በአምፖል ጭነት ረዘም ላለ ጊዜ ሳይፈተን ሬዲዮ ላይ የማይሰካው፤ ቮልቱ ሲያልፍ መውጫውን ሾርት አድርጎ ፊውዙን የሚበጥስ መከላከያ ከሌለውም የሚጨመርለት።

አዲሱ ቀላሉ፣ ስዊቺንግ የሚባለው፣ መጀመሪያ 220ውን ወደ 310 ቮልት ገደማ ቀጥተኛ ኃይል ለውጦ ከዚያ በፍጥነት እየቆራረጠ በትንሽ ትራንስፎርመር ያወርዳል። ያ 310 ቮልት ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ላይ ሊቆይ ይችላል፤ ይገድላል። በጥቂት ኪሎ ኦም፣ አምስት ዋት በሚችል ሬዚስተር ቀስ ብሎ ካላፈሰሱትና በቴስተር ዜሮ መሆኑን ካላዩ እጅ አይገባም። በስክሩድራይቨር ሾርት አድርጎ ማፍሰስን ብዙ ቦታ እንደ ጀግንነት ያዩታል፤ ካፓሲተሩንም ሰውንም ይጎዳል፤ ሊቀር ይገባል።

ስዊቺንጉ ሲሞት በአመዛኙ ከሦስት አንዱ ነው፦ ፊውዙን ይዞ የሄደ የተሾረተ ትራንዚስተር፣ ከፍ ባለ ቮልት ለዓመታት ሲሠራ የተከፈተ የማስነሻ ሬዚስተር፣ ወይም ያበጠና የደረቀ ካፓሲተር። ሦስተኛው ተንኮለኛ ነው። ካፓሲተሩ በተራ ሜትር ሲለካ ደኅና ይመስላል፤ የውስጥ ተቃውሞው ግን ጨምሯል፤ ፓወር ሰፕላዩ ለመነሳት እየሞከረ ይተኛል፣ ይነሳል፣ ይተኛል። በጥሩ መለወጥ አጭሩ ምርመራ ነው። ፊውዝ ተቀይሮ እንደገና ከመሰካቱ በፊት የ100 ዋት ባለ ክር አምፖል በመስመሩ ላይ በተከታታይ ይገባል፦ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ መንገዱ ደኅና ነው፤ በሙሉ ኃይሉ ከበራ ሾርቱ አሁንም አለ፣ ግን ምንም አልተቃጠለም። ቆጣቢና ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። ባለ ክሩ አምፖል ከየሱቁ እየጠፋ ስለሆነ ያገኘ ጠጋኝ ጥቂቱን ጠቅልሎ ቢያስቀምጥ ብልህ ነው።

አገሩ ራሱም በጥፋቱ ውስጥ እጅ አለው። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል ከ2,200 ሜትር በላይ ናት፤ ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ደግሞ የደኅንነት ልካቸው የሚሰላው እስከ 2,000 ሜትር ነው። አየሩ ሲሳሳ ሙቀትን የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል፤ ከፍተኛ ቮልትም በቀላሉ ይፈነጥቃል። ስለዚህ «30 አምፒር» የተጻፈበትን ፓወር ሰፕላይ ከ20 በላይ አለመጫን ይመረጣል፤ የማቀዝቀዣው ፋን ክንፎችና የአሉሚኒየሙ ሙቀት ማስወገጃ በበጋው አቧራ ሳይደፈኑ በየጊዜው ይነፋሉ። ወደ ተከዜ ቆላ፣ ወደ ዝቋላና አበርገሌ ሲወረድ ችግሩ ይገለበጣል፤ አየሩ ወፍሮ ሙቀቱ ይከብዳል። ካፓሲተር የሙቀቱ መጠን በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር ይታወቃል። ደጋ ላይ ስምንት ዓመት የኖረ ዕቃ ቆላ ላይ አራት ዓመት ቢቆይ መደነቅ አይገባም።

ስለ መቀበያው አጭር ልሁን፤ የየገበያው ጠጋኝ ከእኔ በላይ ያውቀዋልና። የሚመጣው ሬዲዮ አብዛኛው ድንጋዩ ፈስሶ ስፕሪንጉን የበላው፣ የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው የሚንኮሻኮሽ፣ የባንድ መቀየሪያው የቆሸሸ ወይም አንቴናው ከሥሩ የተሰበረ ነው። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያው ውስጥ ያለው ቀጭን ሰሌዳ ተጣሞ ስፒከሩን ሲያቋርጥ ሙሉ ሬዲዮ «ሞተ» ይባላል። የርካሹ ድንጋይ ፍሳሽ አሲድ ስለሆነ በቤኪንግ ሶዳ ውኃ፣ የአልካላይኑ ደግሞ በሎሚ ይጸዳል። ከዚህ አልፎ ጥፋቱ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ሬዲዮውን ለሁለት መክፈል ነው ብልሃቱ፦ የድምፅ መቆጣጠሪያው መካከለኛ እግር በስክሩድራይቨር ጫፍ ሲነካ ስፒከሩ ካጉረመረመ ከዚያ ወዲህ ያለው ግማሽ ይሠራል፤ ዝም ካለ ጥፋቱ እዚያው ነው። የውስጥ ኦሲሌተሩ መሥራቱን ለማወቅ ደግሞ ሌላ ሬዲዮ አጠገቡ ይቀመጣል። የተበላሸው በመካከለኛ ሞገድ 1,000 ኪሎ ኸርዝ ላይ ከሆነ፣ ጤነኛው 1,455 አካባቢ ሲዞር ፉጨት ወይም ድንገተኛ ጸጥታ ከተገኘ ኦሲሌተሩ ሕያው ነው። ለዚህ ኦሲሎስኮፕ አያስፈልግም።

በማሰራጫው በኩል ለሚመጣ ቅሬታ ተጠርጣሪው አንቴናና ገመዱ ነው። ሬዲዮው በ50 ኦም ማስመሰያ ጭነት ላይ ሙሉ ኃይል ከሰጠ የሚፈታ ነገር የለም፤ ችግሩ ውጭ ነው። ክረምት ላይ ውኃ በኮኔክተሩ ገብቶ የኮአክሲያል ገመዱን መረብ ያጠቁራል፤ ከውጭ ምንም አይታይም። ሐምሌና ነሐሴ በሰሜኑ ተራሮች ላይ መብረቅ የሚበዛበት ወቅት ስለሆነ ሳይሠሩ ሲቀሩ ገመዱን ከሬዲዮው ነቅሎ ከቤት ውጭ ማዋል ከማንኛውም መከላከያ ይበልጣል። መብረቁ ባይመታም በሽቦው ላይ የሚጠራቀመው ኃይል የመቀበያውን የመጀመሪያ ደረጃ ያቃጥላል፤ ምልክቱም ቅርብና ኃይለኛ ጣቢያ ብቻ መሰማቱ ነው።

ዕቃ ከየት ይመጣል? ከመርካቶ ማለት ቀላል ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ግን መርካቶ የለም። የሰቆጣ ጠጋኝ እውነተኛ መጋዘን የተጣለው ዕቃ ነው። ከአሮጌ ኮምፒውተር የሚወጣ ፓወር ሰፕላይ ከ10 አምፒር በላይ በ12 ቮልት ይሰጣል፤ ለአነስተኛ ሬዲዮ ይበቃል። ከቴሌቪዥን ቦርድ ዳዮድና ትራንዚስተር፣ ከስታቢላይዘር ትራንስፎርመር ይገኛል። ካፓሲተር ግን ከአሮጌ ዕቃ አይወሰድም፤ እሱ አዲስ ይገዛል። የማሰራጫ ትራንዚስተሮች በተለይ አስመሳያቸው ብዙ ስለሆነ በታመነ እጅ ካልመጡ በመጀመሪያው ንግግር ይቃጠላሉ።

አንድ ወጣት ይህን ሙያ በሰቆጣ ይጀምር ቢባል የመጀመሪያ ሥራው እንዲሆን የምመርጠው የተቃጠለ የዲሽ ሪሲቨር ነው። የከተማው ቤት ሁሉ ያውቀዋል፣ ቢበላሽም ኪሳራው ትንሽ ነው፤ በውስጡ ያለችው ፓወር ሰፕላይ ደግሞ የትልቁን አካል ሁሉ በትንሹ ይዛለች፦ ፊውዝ፣ አራት ዳዮድ፣ የ310 ቮልቱ ካፓሲተር፣ ትራንዚስተር፣ ትንሿ ትራንስፎርመር፣ የመውጫ ካፓሲተሮች። በተከታታይ አምፖልና በቴስተር እነዚህን አንድ በአንድ ለክቶ፣ የለካውንም በደብተር ጽፎ፣ ሪሲቨሩን ሲያበራ ወደ 13.8 ቮልቱ ፓወር ሰፕላይ ይሻገራል። ትራንሲቨር የሚከፍተው ከዚያ በኋላ ነው።