ያገለገለ የውበት ሌዘር ሊገዙ ነው ወይስ ሊሸጡ? በቅድሚያ ቆጣሪውን ያንብቡ

ጸጉር የሚያነሳ፣ ጥቋቁር ነጠብጣብ የሚያጠራና ንቅሳት የሚያጠፋ የሌዘር ማሽን ለአንድ የቆዳ ክሊኒክ ዋና ሀብት ከሆነ ሰንብቷል። አዲሱ ግን ዋጋው አይቀመስም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ደግሞ በብር ሲሰላ ይብስ ከብዷል። በመሆኑም ፊትን ወደ ያገለገለ ማሽን ማዞር ነውር የለበትም። ችግሩ ይህ ዕቃ እንደ ቶዮታ መካኒክ ተጠርቶ፣ ሞተሩ ተነስቶ በጆሮ የሚለይ አለመሆኑ ነው። ቀለሙ ያልተላጠ፣ ስክሪኑ ቦግ ብሎ የሚበራ ማሽን ከሚገባው ኃይል ግማሹን ብቻ እየሰጠ ሊሆን ይችላል።

ደላላው “ሌዘር ነው” ሲልዎ የመጀመሪያው ጥያቄዎ “የስንት ናኖ ሜትር?” የሚል ይሁን። ለጸጉር ማንሻ በብዛት የሚዘዋወሩት ሦስት ናቸው። እነሱም 755 የሆነው አሌክሳንድራይት፣ 810 አካባቢ ያለው ዳዮድ እና 1064 የሆነው ኤንዲ-ያግ ናቸው። አይፒኤል የሚባለው በሌዘር ስም ይሸጣል እንጂ የዜኖን አምፖል ብልጭታ ነው።

ቁጥሩ ተራ የቴክኒክ ጉዳይ እንዳይመስልዎ። አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1975 ባስጀመረውና በኋላ ወደ ስድስት ደረጃ በሰፋው የቆዳ አመዳደብ፣ የአገራችን ደንበኛ በአብዛኛው ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ይመደባል። ጠይም ቆዳ የ755ን ብርሃን ራሱ ይውጠዋል። ጸጉሩ ሳይነካ ቆዳው ሊቃጠል፣ ጠባሳም ሊተርፍ ይችላል። 1064 ግን ጠለቅ ብሎ ስለሚሄድ ለጥቁር ቆዳ ይሻላል። ስለዚህ 1064 የሌለበት አሌክሳንድራይት አውሮፓ ውስጥ ምንም ያህል ቢረክስ ለአዲስ አበባ ገበያ የታሰረ ገንዘብ ነው። ሌላም ወጥመድ አለ። ለንቅሳት የሚሆነው ኪው-ስዊችድ ያግም 1064 ይባላል፤ ነገር ግን ብልጭታው በቢሊዮንኛ ሰከንድ የሚቆጠር ስለሆነ የጸጉርን ሥር አያበስልም። ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ የሚሸጥ ደላላ ሞልቷል፤ አንዳንዱም ልዩነቱን ሳያውቅ ነው።

ቀጥሎ ቆጣሪው ይመጣል። ሌዘር የሚያረጀው በተመረተበት ዓመት ሳይሆን ባለሙያዎች ሾት በሚሉት የብልጭታ ብዛት ነው። ማሽኑ ሁለት ቁጥር ሊይዝ ይችላል፤ አንዱ ከተሠራ ጀምሮ ያለው ጠቅላላ ድምር፣ ሌላው አምፖሉ ከተቀየረ ወዲህ ያለው ነው። ሻጩ ሁለተኛውን ብቻ አሳይቶ “ገና አዲስ ነው” ቢልዎ አይደነቁ። ዳዮድ በሆነው ማሽን ላይ ደግሞ የሚያልቀውም፣ ውዱም ክፍል ሀንድፒስ የሚባለው እጀታ ነው፤ የራሱ ቆጣሪም ይኖረዋል። እስቲ በግምት እናስላ። የሁለት እግር ጸጉር ለማንሳት ከአንድ ሺህ በላይ ሾት ይፈልጋል። በቀን አንድ እንዲህ ያለ ደንበኛ ብቻ ያስተናገደ ክሊኒክ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ፣ በ3 ዓመት ከ900 ሺህ ያልፋል። እንዲህ ሲሠራ ኖረ የተባለ ማሽን ቆጣሪው 40 ሺህ ካነበበ፣ ወይ ቆጣሪው ወደ ዜሮ ተመልሷል ወይ ዕቃው ተቀይሯል። የጥገና መዝገቡን ይጠይቁ።

መዝገብ ቢኖርም ልኬት የግድ ነው። የኃይል መለኪያ ያለው ቴክኒሻን ይዘው ይሂዱ፤ ክፍያው ከሚያድንዎት ገንዘብ አንጻር ኢምንት ነው። ስክሪኑ 20 ጁል ሲል መለኪያው ስንት ይላል? ዓለም አቀፉ የሕክምና ሌዘር ደረጃ የሚወጣው ኃይል ከተጻፈው ከ20 በመቶ በላይ እንዳይዛነፍ ያዛል። ፈተናው በዝቅተኛ፣ በመካከለኛና በከፍተኛ ኃይል ይሁን፤ አሥር ደቂቃ ያህልም ሳይቋረጥ ይተኩስ። የደከመ ማሽን የመጀመሪያዋን ደቂቃ ይወጣታል፤ ሲሞቅ ነው ጉዱ የሚታየው። በሙቀት በሚጠቁር ወረቀት ላይ ሲተኩስም ምልክቱ ክብና እኩል መጥቆር አለበት። መሀሉ ወይም ጥጉ ብቻ ከጠቆረ መስተዋቱ ወይም ፋይበሩ ተጎድቷል፤ ነገ ያ ጥቁር ነጥብ የደንበኛዎ ጉንጭ ላይ ያርፋል።

በራስዎ ክንድ ላይ አይሞክሩት። 1064 ለዓይን የማይታይ ብርሃን ስለሆነ የሞገድ ቁጥሩ የተጻፈበት መነጽር ሳያጠልቁ ክፍሉ ውስጥ አይቁሙ። ሽፋኑንም ለራስዎ አይክፈቱ፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ገዳይ ኤሌክትሪክ ሊቀመጥ ይችላል።

የማቀዝቀዣው ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። የካንዴላ ጄንትል ማሽኖች ቆዳውን የሚያቀዘቅዙት በቆርቆሮ በሚመጣ ጋዝ ሲሆን፣ የሳይኖሹር ኤሊት ግን በቀዝቃዛ አየር ማራገቢያ ይሠራል። ጋዙ ግፊት ያለው ስለሆነ በአውሮፕላን ሲጫን እንደ አደገኛ ዕቃ ይቆጠራል። እዚህ ማን እንደሚያቀርብ ሳያረጋግጡ ከገዙ ማሽኑ ጌጥ ሆኖ ይቀመጣል። የውስጥ ውሃውም ከመጫኑ በፊት ተንጠፍጥፎ መውጣት አለበት፤ በክረምት መንገድ ላይ ከበረደ የመስተዋት ቱቦውን ይሰነጥቀዋል። ከጀርባው የተለጠፈውን ሰሌዳም ያንብቡ። የእኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች መመሪያው የሚፈቅደውን ከፍታ ይመልከቱ፤ ስስ አየር በደንብ አያቀዘቅዝም።

የሶፍትዌር መቆለፊያ፣ የይለፍ ቃል ወይም ካርድ ካለው በእጅዎ ሳይገባ ገንዘብ አይልቀቁ። አንዳንድ ፋብሪካዎች ያገለገለ ማሽን ለአዲስ ባለቤት ከማገልገላቸው በፊት የራሳቸውን ምርመራ በክፍያ ይጠይቃሉ፤ ያ ወጪ በማን ላይ እንደሚያርፍ ከወዲሁ ይስማሙ። ማሽኑ የሕክምና መሣሪያ ስለሆነም ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ይመለከታል። ያገለገለ መሆኑን በግልጽ ተናግረው ፈቃዱን የሚጠይቁት ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት እንጂ ዕቃው ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ መሆን የለበትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ግዢ ይመስላል።

ሻጭ ከሆኑ ደግሞ ቆጣሪውን ለማስመለስ ገንዘብ አያባክኑ። ያንኑ ገንዘብ ለልኬት አውለው ውጤቱን ለገዢው በወረቀት ቢያሳዩ ዋጋዎን ያስከብራል። የአምፖል መቀየሪያ ደረሰኞችን፣ መነጽሮቹንና የመጣበትን ሣጥን አይጣሉ። አንዳንዱ ማሽን የደንበኞችን ስም መዝግቦ ስለሚይዝ ከማስረከብዎ በፊት ያስጠፉ። ደላላውም ኮሚሽኑን የሚያገኘው ልኬቱ ሲያልፍ እንዲሆን በውሉ ይስፈር። ገዢው በበኩሉ ከዋጋው የተወሰነውን ይዞ፣ ማሽኑ እዚህ ተተክሎ ዳግም ሲለካ ቢከፍል ሁለቱም ወገን በመንገድ ላይ ስለደረሰ ጉዳት ከመጨቃጨቅ ይድናሉ።